ሳሎን የሌለው ቤት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ረውዳ እንድሪስ ባሌት የምታስተምራቸውን ልጆች አስከትላ ኮምቦልቻ ካለው የእህል መጋዘን ስትደርስ፣ በሩ ላይ የማታውቀው ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ጠበቃት። አዲስ ነው፤ ቅባቱ እንኳ ገና አልደረቀም። የያዘችውን ቁልፍ ሞከረችው፤ አልገባም አላት። ጎንበስ ብላ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀች።

ልጆቹ ተደግፈው የሚሠሩበት፣ ግድግዳውን ዙሪያውን ይዞ የነበረው የእንጨት ዘንግ የለም። ትልልቆቹ መስታወቶች የሉም። የጣውላው ወለል ሳይቀር ተነቅሎ፣ ከሥሩ የነበረው ሲሚንቶ አግጥጦ ይታያል።

«ጋሽ አግማስ፣ ይሄን ያደረገው ማን ነው?» አለች ወደ ዘበኛው ዞራ።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። «ካሊድ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«የትኛው ካሊድ?»

«የኛው ካሊድ ነዋ። ትናንት አናጢ ይዞ መጥቶ ሲያስነቅል ዋለ፤ በአይሱዙ ጭኖ ሄደ። ዛሬ ደግሞ ሌሎች መጡና ቁልፉን ቀየሩት። ሲሚንቶ ሊከተትበት ነው ይላሉ።»

«እሱ ራሱ ነበረ? በዓይንዎ አዩት?»

«ሚስማሩን አብሬው ለቅሜያለሁ» አሉ ጋሽ አግማስ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው።

ነገሩ ሌላ ሳምንት ቢሆን ባልከፋ። ግን ቅዳሜ ጠዋት ትህትና የምትባል የባሌት አስተማሪ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። የምትሠራበት ማሰልጠኛ አቅም ከሌላቸው ቤተሰቦች ልጆችን እየመረጠ፣ ያለ ክፍያ እያኖረና እያስተማረ ያሳድጋል። እስከ ዛሬ ከዋና ከተማዋ ወጥቶ አያውቅም፤ ረውዳ ስንት ጊዜ ደውላ፣ የልጆቹን ቪዲዮ ልካ፣ ለምና ነው ወደ ወሎ ፊታቸውን እንዲያዞሩ ያደረገቻቸው። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ይሄን ዕድል ዳግም ያገኙታል ብላ አታስብም።

እሷ ራሷ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ናት። አባቷ አቶ እንድሪስ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ ናቸው። በልጅነቷ ለትምህርት አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ተልካ ሳለ፣ የምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ድረስ የመጡ ሰዎች መርጠዋት ባሌት በነጻ ያስተምሯት ጀመር። አጥንቷ ሳይጠና የለመደችውን ነገር፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ረጂዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡና ተነጠቀች። አገሯ ተመልሳ የስፖርት አስተማሪ ሆነች። እግሯ ግን አልረሳም። ከሥራ በኋላ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ሣሩ ላይ ማስተማር ስትጀምር ሰው ሳቀባት። «ባሌት» ማለት አቅቶት ይሁን ሆን ብሎ፣ «ረውዳ ባል ሳታገባ ባሌ፣ ባሌ ትላለች» ይል ነበር ሰፈሩ።

ካሊድን ያወቀችው በዚያ ሰሞን ነው። ዝናብ ደርሶባቸው ከልጆቹ ጋር የመጋዘኑ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ሲጠለሉ፣ ከውስጥ የወጣ አንድ ረጅም ወጣት አያቸውና ምንም ሳይጠይቅ በሩን ከፈተላቸው። በማግስቱም ከፈተላቸው። ጆንያ ሊያይ እየመጣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይቀር ጀመር። ረውዳ ሻሿን ወደኋላ አስራ ልጆቹን ስታሠራ ዓይኑ እጇን ይከተላል፤ ቀና ስትል መሬት ያያል። ዓመት ሳይሞላ፣ ማንም ለማንም ሳይናገር፣ ሁለቱም አወቁት።

ችግሩ እሱ የሐጃ ሸሪፋ ልጅ መሆኑ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ የሐጃ ሸሪፋን የጅምላ መደብር የማያውቅ ነጋዴ የለም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሀብቱንም አንድ ልጃቸውንም አጥብቀው ይዘው የኖሩ ሴት ናቸው። መጋዘኑም የእሳቸው ነው። «እናቴን ለኔ ተይልኝ፤ እኔ አነጋግራታለሁ» እያለ ካሊድ ስንት ወር አሳለፈ። አሁን ግን ያነጋገራቸው መሰላት፤ መልሱም ይኸው፣ ግድግዳው ላይ የቀረ የሚስማር ቀዳዳ።

ስልኳ ጮኸ። ካሊድ። ስሙን እያየች እስኪያበቃ ጠበቀች። ደገመ። ዘጋችው። ቀጥሎ ረጅም የድምጽ መልእክት መጣ። ጣቷ ላዩ ላይ ትንሽ ዘገየና ሳትሰማው አጠፋችው።

«ቲቸር» አለች ኢስራ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ በችሎታ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ይሄን ከረውዳ በቀር ማንም አልነገራትም። «እዚሁ እንሥራ?» ብላ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ግድግዳ በአንድ እጇ ያዘችና፣ ጠጠሩ ላይ ተረከዞቿን ገጥማ ቆመች። ሌሎቹም ተከትለዋት ተሰለፉ።

ረውዳ እንደ ወትሮው ከፊታቸው ቆመችና «ጉልበት ሰበር» ብላ የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ አዘዘቻቸው።

* * *

አርብ ከጁምዓ በኋላ ደሴ ወጣች። ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ቁልፍ ይዛለች። ካሊድ ከሰኞ ገበያ በላይ ለትዳራቸው ቤት እያሠራ ነበር፤ «ከአባትሽ ጋር መጥታችሁ እዩት፤ የሚቀየር ካለ ንገሪኝ» ብሎ ነው የሰጣት። እፍረት ይዟት እስከ ዛሬ አልሄደችም። አሁን ልትመልሰው ነው የመጣችው።

ካሊድ እናቱ ቤት አልነበረም። በሩን የከፈቱላት ሐጃ ሸሪፋ ራሳቸው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጃ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ግቢ፣ ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይሄን ለካሊድ ይስጡልኝ።»

«ራስሽ አትሰጪውም?»

«ላየው አልፈልግም።»

ሐጃ ሸሪፋ ቁልፉን አዩት እንጂ አልነኩትም። ፊታቸው ላይ ደስታ ትፈልግ ነበር፤ አላገኘችም። «መጋዘኑን ያከራየሁት እኔ ነኝ» አሉ። «አልዋሽሽም። እንጨቱን ንቀል ብዬ ግን አላዘዝኩትም። ምን አስቦ እንደነቀለው አላውቅም፤ ምናልባት ለኔ ብሎ ይሆናል። ሁለት ቀን ሆነው፤ ከኔም ጋር በቅጡ አላወራም።»

«ለእርስዎ ብሎ ከሆነ ደግ አደረገ።»

«ምርር አትበይ ልጄ። እኔ ጠላትሽ አይደለሁም። ሽማግሌ ይላክ ካልሽ እልካለሁ። የአባትሽን ድህነት አልቆጥርም፤ ሪዝቅ ሰጪው አላህ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ይሄን ዝላይ ተዪው።»

«ዝላይ አይደለም፣ ሐጃ።»

«ምንም ይሁን። ሰው ምን ይላል የሚለውንም ልተወው። ልጆቹን አስቢያቸው። የጥጥ ፈታይ ሴት ልጅ ወስደሽ በእግር ጣቷ ታቆሚያታለሽ። ከዚያስ? ነገ እናቷ ሥራ ብታጣ፣ ወይ ይሄ ነገር ቢቋረጥ፣ ያሳየሻት ዓይኗ ላይ ይቀራል። የማይደርስበትን ነገር ለድሃ ልጅ ማሳየት ግፍ ነው። አንቺ ይሄን ካላወቅሽ ማን ሊያውቀው ነው?»

ሐጃ ሸሪፋ በክፋት ተናግረው ቢሆን ኖሮ ረውዳ መልስ ነበራት። እሳቸው ግን በሐዘን ነው የተናገሩት፤ ነገሩም ያረፈው ልክ ቁስሏ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የተመለሰች ሰሞን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛችባቸው ቀናት ትዝ አሏት።

«ደህና ይዋሉ» ብላ ወጣች።

የደሴ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰኞ ገበያን ሸፍኖታል። ሰው በትከሻው እየገፋት ያልፋል፤ አልተሰማትም። ያስፈራት የሐጃ ሸሪፋ እምቢታ አልነበረም። ከውስጧ አንድ ድምጽ «ልክ ናቸው» ማለቱ ነው።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ትህትና ኮምቦልቻ፣ አቶ እንድሪስ ግቢ ደረሰች። ከሰዓት በኋላ በሚነሣው አውሮፕላን መመለስ አለባት። ልጆቹ ታጥበው፣ ጠባብ ሱሪያቸውን ከረጅም ሸሚዝ በታች ለብሰው ተሰልፈዋል። እናቶቻቸው አጥሩን ታከው ቆመዋል፤ የኢስራ እናት መርየም ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ስለመጣች የጥጥ ብናኝ ሻሿ ላይ አለ።

ትህትና ጫማዋን አውልቃ ሲሚንቶውን በእግሯ ጫነችው። «ረውዳ» አለች ቀስ ብላ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ። «እዚህ ላይ ላዘልላቸው አልችልም። ጉልበታቸው ይጎዳል። የጣውላ ወለል አለን ብለሽኝ አልነበረም?»

«ነበረን።»

«ታዲያ?»

ረውዳ ምን እንደምትል ሳታውቅ ቀና አለች። አይሱዙ ግቢው በር ላይ ቆመ። ካሊድ ወረደ። ጸጉሩ በሲሚንቶ ብናኝ ነጥቷል፤ አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያላየ ሰው ዓይን ነው።

«ወለሉ ደሴ ነው» አለ ለትህትና። «ሁሉም ተገጥሞ አልቋል። አውሮፕላንዎ ሳይነሣ መልሼ አደርስዎታለሁ።» ቃሉን ለእንግዳዋ ተናገረ፤ ዓይኑ ግን ረውዳ ላይ ነበር። ጥፋተኛ ዓይን አልመሰላትም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ልጆቹን አየች። ኢስራ ትንፋሿን ይዛለች።

«ውጡ» አለች ረውዳ። «ሁላችሁም ተሳፈሩ።»

ልጆቹና እናቶቹ ከኋላ፣ ከሸራው ሥር በፍራሽ ላይ ተቀመጡ። ጋቢናው ውስጥ ትህትና በካሊድና በረውዳ መካከል ገባች። ወደ ደሴ የሚወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲጀምሩ ጉሙ ተቀበላቸው። በእንግዳ ፊት የሚባል ነገር የለም፤ ካሊድ መንገዱን ያያል፣ ረውዳ መስኮቱን ታያለች፤ አልፎ አልፎ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኖቻቸው ይጋጩና ሁለቱም ይሸሻሉ።

ዳገቱን ሳያጋምሱት መኪናዎቹ ቆሙ። ከፊት አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቷል። ትህትና ሰዓቷን አየች። ረውዳ ልጆቹን ልይ ብላ ወረደች፤ ካሊድም ወረደ። ከአይሱዙው ጀርባ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ነገሩ ከተፈጠረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ቆሙ።

«የላክሁልሽን አልሰማሽውም?» አለ።

«አጠፋሁት።»

«ሁሉንም ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ረውዲ።»

«ሐሙስ ነገርከኝ። ረቡዕ የት ነበርክ?»

ካሊድ ተጠቅልሎ ያለ ጣቱን በሌላው እጁ ያዘ። «ረቡዕ ጠዋት ነው እናቴ ማከራየቷን የሰማሁት። የተከራየው ሰው ሠራተኞች ሐሙስ መጥተው ሰባብረው ሊጥሉት ነበር። ቀድሜ አነሣሁት። ላስጨንቅሽ አልፈለግሁም። ቦታ አግኝቼ፣ ተገጥሞ ሳሳይሽ…»

«እኔ ልጆቹን ይዤ የተቆለፈ በር ላይ ቆምኩ። ኢስራ ቆርቆሮ ተደግፋ ሠራች።» ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። «ካሊድ፣ ማጣት አያስፈራኝም። ማጣት ለምጃለሁ። እኔን የሚገድለኝ ከኋላዬ የሚወሰን ነገር ነው። ያኔም አዲስ አበባ ማንም አልነገረኝም። ቦርሳዬን ይዤ እንደ ወትሮው ሄድኩ፤ በሩ ላይ ስደርስ ነው ተዘግቶ ያገኘሁት። አንተም ያንኑ ደገምክልኝ። ለኔ ብለህ ደገምክልኝ።»

ከሸራው ሥር ልጆቹ ሲሳሳቁ ይሰማል።

«ጥፋቴ ነው» አለ ካሊድ። «ላስደስትሽ ብዬ አንቺን ረሳሁሽ። ወላሂ፣ ሁለተኛ አይደገምም።»

ምክንያት ቢደረድር ኖሮ ቁጣዋ ይቆይላት ነበር። እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ሲቀበለው ግን እንደ ጨው ሟሟባት። «የት ነው ያስገባኸው?» አለች።

«ከቤታችን።»

«ከየትኛው ቤታችን?»

«ከምንገባበት። ሳሎኑንና የእንግዳ ክፍሉን የሚለየውን ግድግዳ አፈረስኩት። ወለሉ ልክ ገባ።»

«እናትህ ራሳቸው ለክተው ያሠሩትን ሳሎን?»

«አዎ።»

«ያውቃሉ?»

ካሊድ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። «ዛሬን እንለፈውና እነግራታለሁ ብዬ ነው።»

የረውዳ እጅ ሳታስበው ክንዱን ያዘ። «ካሊድ፣ ትናንት እናትህ ጋ ሄጄ ነበር። የቤቱን ቁልፍ ለእሳቸው ነው የመለስኩት።»

ተያዩ። ከፊት መኪናዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ አንድ ሹፌር ከኋላ ጡሩምባ ነፋ። ሐጃ ሸሪፋ ቤቱን ከፍተው ቢገቡስ የሚለው ፍርሃት የሁለቱም ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ አብረው የያዙት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነበርና፣ ረውዳ ክንዱን ለመልቀቅ ልቧ አልቻለም።

* * *

ቤቱ ገና ቀለም አልነካውም። ሲገቡ ግን ልጆቹ አፋቸውን ያዙ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የራሳቸው ጣውላ ተዘርግቷል፤ የራሳቸው ዘንግ ተመትቷል፤ መስታወቶቹ ከመስኮቱ ትይዩ ቆመው የደሴን ጭጋጋማ ብርሃን ያበዙታል። የፈረሰው ግድግዳ ጠባሳ ጣሪያው ላይ እንዳለ ነው።

ትህትና ወለሉን በእግሯ መታ አደረገችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እንጀምር።»

ልጆቹ ዘንጉን ይዘው ሠሩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ መሃል ወጡ። ትንሹ ሙንዚር ሲዘል አየር ላይ የቆየ መሰለ። ኢስራ ተራዋ ደርሶ መሃል ወለሉ ላይ ስትቆም በሩ ተከፈተ።

ሐጃ ሸሪፋ ናቸው። ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው።

ዓይናቸው ወለሉን ዞረ፤ መስታወቱን ዞረ፤ ጣሪያው ላይ ጠባሳው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። «ሳሎኑስ?» አሉ።

«እዚሁ ነው፣ እማ» አለ ካሊድ።

«እንግዳ የት ይቀመጣል? ሽማግሌ የት ይቀመጣል? አባትህ ቢኖር የት ይቀመጥ ነበር?»

«አጥፍቻለሁ፤ ሳልነግርሽ አፈረስኩት። ለእሱ ይቅር በይኝ። ግድግዳውን ግን መልሼ አላቆመውም። ለዚህ ቤት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች እነዚህ ናቸው።»

ሐጃ ሸሪፋ ፊታቸውን ከልጃቸው መልሰው ወደ እናቶቹ ዞሩ፤ ብናኝ የለበሰችውን መርየምን አዩ። «የዚህች ልጅ እናት አንቺ ነሽ?»

«አዎን፣ ሐጃ።»

«ቢመርጧት ደግ። ባይመርጧትስ? ምን ልታደርጊያት ነው?»

መርየም ኢስራን አየቻት። «እንጃ። እኔም እስከ ዛሬ የሆነልኝ ጥቂት ነው፤ ባይሆን አዲስ አይሆንብኝም። ግን ከቲቸር ጋር ውላ ስትመጣ ቤት ውስጥ ታንጎራጉራለች። ሌላ ቀን አታንጎራጉርም።»

ረውዳ ከዘንጉ ተነሥታ ወደ ሐጃ ሸሪፋ ቀረበች።

«ሐጃ፣ ትናንት ጠይቀውኝ ሳልመልስ ወጣሁ። ያሉት ነገር እውነት አለበት። የተነጠቅሁ ሰሞን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቻለሁ፤ አባቴ ናቸው እያጎረሱ ያነሡኝ። ግን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር ብዬ አላውቅም። አንድም ቀን። የጎዳኝ ማየቴ አይደለም፤ መዝጋታቸው ነው። ስለዚህ ይሄን ተዪ ካሉኝ…» ካሊድን አላየችውም። ካየችው እንደማትጨርስ አውቃለች። «ልጅዎን እተዋለሁ እንጂ፣ ይሄን አልተውም።»

ካሊድ ግን አልተቃወመም። ቀና ስትል ፊቱ አመድ መስሎ፣ ራሱን ግን ቀስ እያለ በአዎንታ ሲነቀንቅ አየችው። እንደዚያች ደቂቃ ወዳው አታውቅም።

«ኢስራ» አለች ትህትና በለሆሳስ። «ቀጥዪ።»

ኢስራ ቀጠለች። ክንዶቿን ከፈተች፣ በአንድ እግሯ ዞረች፣ ዘለለች፤ ስታርፍ ወለሉ ድምጽ አልሰጠም። ሐጃ ሸሪፋ ደፍ ላይ ቆመው እስክትጨርስ አዩና ወጡ። በሩ ሲዘጋ ረውዳ የምትወደውን ሰው በገዛ አፏ ያጣችው መሰላት።

* * *

ትህትና ሁለት ልጆች መረጠች፤ ኢስራንና ሙንዚርን። መርየም አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና አለቀሰች። ያልተመረጡት ልጆች ጓደኞቻቸውን እየዞሩ አቀፉ፤ ትንሿ ሶፊ ግን መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቅፋለች።

ትህትና ረውዳን ወደ ጎን ሳበቻት። «አንቺን ማን እዚህ ተዋት? አስተማሪ እንፈልጋለን። ከልጆቹ ጋር መጥተሽ አዲስ አበባ ከኛ ጋር ሥሪ። ሳልሄድ መልሱን ንገሪኝ።»

ካሊድ አጠገባቸው ነበር፤ ሰምቷል። «አልይዝሽም» አለ። «ከኋላሽም አልወስንም። የምትመርጪውን ምረጪ።»

ረውዳ ወደ ውጭ ወጣች። ሐጃ ሸሪፋ አልሄዱም። ግቢው ውስጥ በተከመረው ብሎኬት ላይ ጉም ለብሰው ተቀምጠዋል።

«መረጠቻት?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ኢስራንና አንድ ወንድ ልጅ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ቀና አሉ። «አንቺንስ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «እኔንም ጠይቃኛለች። አዲስ አበባ መጥቼ እንዳስተምር።»

ሐጃ ሸሪፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አውቄዋለሁ። ገና ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ። ዝላዩን የጠላሁ ይመስልሻል፤ እኔ የፈራሁት ይሄን ነው። አንድ ቀን ይጠሯታል፣ ልጄም ይከተላታል፣ እኔ ያን ሁሉ ክፍል ይዤ ብቻዬን እቀራለሁ ስል ነው የከረምኩት።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ትልልቅ ነጋዴዎች የሚፈሩት እጅ አሁን የአንዲት መበለት እጅ ብቻ ነበር። «ምን አልሻት?»

«ገና አልመለስኩላትም።»

«ምን ልትያት ነው?»

ረውዳ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። ሶፊ ተነሥታለች። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ዘንጉን ይዛለች፤ ኢስራ ያደረገችውን ለመሞከር እግሯን ከፍ ታደርጋለች፤ ትወድቃለች፤ ደግሞ ከፍ ታደርጋለች።

«አልሄድም ልላት ነው» አለች። ስትናገረው ነው ያወቀችው። «ሁለቱ ተመረጡ። የቀሩት እዚህ ናቸው። እኔን ጥለውኝ እንደሄዱት ሰዎች ጥያቸው አልሄድም።»

«ለልጄ ብለሽ አይደለም?»

«አይደለም፣ ሐጃ።»

ሐጃ ሸሪፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ከንፈራቸው ዳር ላይ አንድ ነገር ፈታ አለ። «ለልጅዎ ብዬ ብትይኝ አላምንሽም ነበር» አሉ። «ለወንድ ብሎ የቀረ ሰው አንድ ቀን ይነሣል። ለእነዚህ ከቀረሽ ትቀሪያለሽ።»

ተነሡ፤ ቀሚሳቸውን አራገፉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ።

«ነገ አባትሽ ቤት ይውላሉ?»

ረውዳ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ሻሿን አስተካከለች። «ይውላሉ» አለች።

«ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌ ይመጣል ብለሽ ንገሪያቸው። ካሊድ ጭንቅላቱን ይታጠብ፤ ሲሚንቶ ሻጭ መስሏል።» መኪናቸው ውስጥ ገቡ፤ ጉሙም ዋጣቸው።

ካሊድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የእናቱን መኪና ሲሄድ አይቷል፤ የተባለውን ግን አልሰማም። ወደ ረውዳ መጣና ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። የሚጠይቀውን ፈርቷል።

«ምን አለችሽ?»

ረውዳ ወደ እሱ ዞረች።

«ነገ አባቴ ቤት ይውሉ እንደሆነ ጠየቁኝ» አለች።

ካሊድ የብሎኬቱን ክምር በታመመው እጁ ተደገፈ። ዓይኑ ሞላ፤ ሊደብቀውም አልሞከረ። ከውስጥ ትህትና ስለ አውሮፕላኑ ስትጠይቅ፣ እናቶች ልጆቹን ሲያሰባስቡ ይሰማል።

«መሄድ አለብን» አለችው ረውዳ። «ይዘገይባታል።»

«አውቃለሁ» አለ ካሊድ። «ትንሽ ታገሺኝ። ዓይኔ ሞልቷል፤ መንገዱ አይታየኝም።»

ረውዳም አልቸኮለችም። ሳይነካኩ፣ ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ።